የፖምፓዋ ማኅተም

ፖምፓ ቤት፣ የናፍጣ ሞተር ፖምፓ ከሚለካበት ጋራዥ፣ የገባሁት በ1978 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከነበረች አንዲት ጠባብ ቆርቆሮ ቤት ሥራ እንድለምድ ስሰጥ፣ በማግሥቱ ካቻቢቴ እጨብጣለሁ፣ ሞተር እፈታለሁ ብዬ ነበር። የቤቱ ባለቤትና አስተማሪዬ ጋሼ ግን ወር ሙሉ ምንም አላስነኩኝም። ደጅ አቁመው የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና ጭስ እንዳይ አደረጉኝ። ነጩ ሳይነድ የወጣ ናፍጣ ነው። ሰማያዊው ዘይት ነው፤ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው። ጥቁሩ ደግሞ ሞተሩ ማላመጥ ከሚችለው በላይ ጎርሶ የሚተፋው ነው። ማታ ማታ ያየሁትን ያስቆጥሩኛል፤ ከተሳሳትኩ በማግሥቱም ያው ደጅ ነኝ። «አንተ ልጅ፣» ይሉኝ ነበር፣ «ጥቁር ጭስ ስታይ ናፍጣው በዛ ብለህ አትቸኩል። አየሩስ በቅቶታል ወይ ብለህ ጠይቅ።»

ዛሬ ወጣቶቹ ወደ እኔ የሚመጡት ጉልበት ለማስጨመር ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ሥራ አልወጣሁም፤ «ክፈትልኝ»፣ ማለትም ናፍጣ ጨምርልኝ፣ የሚለውን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ቢሆንም የፖምፓ ሙያ በዚህ አገር ሲጀመር መጨመር አልነበረም። መቀነስ ነበር። የአገራችን ተራራ ነው ያስገደደው።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ነዶ እንዲያልቅ አሥራ አራት ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይፈልጋል። ያለ ጭስ እንዲሠራ ደግሞ ከዚያም በላይ፣ ወደ ሃያ ኪሎ የሚጠጋ ማግኘት አለበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን አየር የሚስበው በገዛ ሳንባው ነው። ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አዲስ አበባ ላይ የሚስበው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ጣርማበር ላይ ሲደርስ ከአሥር እጁ ሦስቱ የለም። ፖምፓዋ ይህን አታውቅም። ቱሪን ወይም ሽቱትጋርት ላይ የተለካላትን ናፍጣ እዚህም ያንኑ ትረጫለች። ስለዚህ ቆላ ላይ ተለክቶ የመጣ መኪና ደጋ ሲወጣ ማንም ሳይነካው የተከፈተ ይሆናል። ያጨሳል፣ ይሞቃል፣ ይደክማል። ሹፌሩ ሲደክምበት ጊዜ ነዳጅ ይረግጥበታል፤ ያን ጊዜ ይብስበታል።

ከባድ የናፍጣ መኪና በብዛት የመጣው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ፊያት 634ን ጣሊያኖች መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ መጀመሪያ ሲወጣ ጉልበቱ 75 ፈረስ ነበር። የእኛ ሰዎች ስድስት መቶውን ትተው «ትሬንታ ኳትሮ» አሉት፤ ዛሬም በዕድሜ የገፉ ሹፌሮች ስሙን ሲጠሩ እንደ ዘመድ ነው። ከእሱ ቀጥሎ አምስት ሲሊንደር ያለው ላንቻ ትሬ ሮ እ.ኤ.አ. በ1938 ወጣ። ሰባ አምስት ፈረስ ዛሬ ከአንዲት ትንሽ የቤት መኪና የማይበልጥ ጉልበት ነው። በዚያ ጉልበት እህልና ሲሚንቶ ተሸክሞ ከሸዋ ሮቢት ጣርማበር መውጣት ማለት ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ መውጣት ነው። የጣርማበርን ዋሻ የቆፈሩትም ጣሊያኖች ናቸው። ጋራዥ ውስጥ የምንነጋገርበት ቋንቋም ከዚያው ዘመን የቀረ ነው። ፖምፓ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ብሮንዚን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ። መንገዱን ሠርተው ሄዱ፤ ቃሉ ቀረ፤ ሥራው ለእኛ ቀረ።

ጋሼ ሙያውን የለመዱት አሥመራ፣ ከአንድ ጣሊያን ፖምፓ ሠሪ ዘንድ ነው። ከዚያ ኮምቦልቻ ወርደው ሠሩ፤ ኋላ አዲስ አበባ ገቡ። ኮምቦልቻ የሠሩባቸውን ዓመታት ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ወገብ ናት። መኪናው ከአሰብ ተነሥቶ ቡሬን፣ ኤሊዳርን፣ ሰርዶን፣ ሚሌን አልፎ በባቲ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ታች በረሃው ላይ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ያልፋል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ባሕር ዳርቻም ሆኖ ቀላል ነው። ከሚሌ በአዋሽ የሚያልፈው መንገድ እስኪሠራ ድረስ የአሰብ ጭነት ሁሉ ይህን ዳገት መውጣት ነበረበት። ሹፌሮቹ ማታ ዳገት ላይ ቆመው ኮፈኑን ሲከፍቱ፣ ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት ፍም መስሎ ሲያበራ ያዩ ነበር። መለኪያ አልነበራቸውም። ያ መቅላት ነበር መለኪያቸው። ጋሼ ታዲያ ፖምፓ ሲለኩ ሹፌሩን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ትልቁ ዳገትህ የት ነው?» የሚለኩትም ለዚያ ዳገት ነው። ሜዳ ላይ ትንሽ ቢደክም ሹፌሩ ያጉረመርማል፤ ሞተሩ ግን ዓመታት ይኖራል።

ስለ ፖምፓዋ ራሷ ልናገር፤ ውለታዋ ብዙ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ ያስመሰከረው ሞተር ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው በታመቀ አየር ነበር። የአየር መጭመቂያው ብቻውን ትልቅ ዕቃ ስለሆነ ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለመኪና አይመችም ነበር። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ ላይ የናፍጣ ፖምፓ በብዛት ማምረት ሲጀምር ነው የናፍጣ መኪና በሰፊው ወደ ጎዳና የወጣው። ውስጧ ለየሲሊንደሩ አንዳንድ ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ከነቤቱ አብሮ ተሞርዶ የተሠራ ስለሆነ የአንዱን ከሌላው ማቀያየር አይቻልም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ጸጉር ሃያ እጅ ይቀጥናል። ጋሼ ያን ዘንግ በንጹሕ ናፍጣ አጥበው ወደ ቤቱ ግማሹን ካስገቡት በኋላ ይለቁታል። በገዛ ክብደቱ፣ በቀስታ፣ ሳይነቃነቅ ከወረደ ጤነኛ ነው። ቶሎ ከወደቀ አርጅቷል። ከቆመ ቆሻሻ አለበት። እኔ ይህን ስመለከት ትንፋሼን እይዝ ነበር፤ አሁንም እይዛለሁ።

ልኬቱ የሚሠራው በቴስት ቤንች ነው። ፖምፓዋ እዚያ ታስራ በሞተር ትሽከረከራለች፤ የስድስት ሲሊንደር ከሆነች ስድስቱ ቱቦዎች ናፍጣውን መስመር ወዳለባቸው ስድስት የብርጭቆ ቱቦዎች ይረጫሉ። አንድ ሺህ ጊዜ ከረጨች በኋላ ይቆምና ጎንበስ ብለህ የናፍጣውን ከፍታ በዓይንህ ትክክል ታያለህ። ስድስቱም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከፍ ካለ እሱ ሲሊንደር ከጓደኞቹ በላይ ይሠራል፣ ከጓደኞቹም በፊት ይሞታል። በመጨረሻም ጋሼ ከጎኗ ያለችውን፣ የናፍጣውን ጣሪያ የምትወስነውን ብሎን በዳዶ ያጠብቃሉ። በብሎኗ ላይ ቀጭን ሽቦ ያዞሩና ጫፉን በእርሳስ ይይዙታል፤ እርሳሱን የጋሼ ምልክት በተቀረጸበት ፒንሳ ጨምቀው ያትሙታል። ያ ማኅተም ቃል ኪዳን ነበር። ማኅተሙ ሳይሰበር ችግር ከመጣ ጋሼ በነጻ ይሠራሉ። ከተሰበረ መኪናውን እንኳ ወደ ግቢ አያስገቡም። ሰው ሲለምናቸው አይቻለሁ። አያስገቡም።

ይህ የመቀነስ ዘመን የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በገበያውም ፈጣን መካከለኛ መኪኖች በዙ። ቅጥቅጡ፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው መንገዱን ያዙት። ሕዝቡ አይሱዙውን «አልቃይዳ»፣ ኋላ የመጣውን ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» እያለ ሲጠራ ስያሜው ከሐዘን የመጣ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሚኒባሱ በቀን ስንት እንደሚመላለስ እንጂ ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚያስብ ጠፋ። መኪናውን የሚነዳው ሌላ፣ ባለቤቱ ሌላ ሆነ። በጋሼ ዘመን የመኪናው ባለቤት ብዙ ጊዜ መሪውን የሚይዘው ራሱ ነበር፤ የሞተሩ ሕመም ለእሱ የራሱ ሕመም ነው። በቀን ገቢ የሚሠራ ሹፌር ግን ሞተሩን የሚያውቀው እስከ ማታ ነው። እኔ ሹፌሩን አልወቅስም፤ የተሠራለት ሂሳብ እንደዚያ ነበር። ማኅተም መስበር የበዛውም ያኔ ነው።

ከሁሉም የባሰው የጫት መኪና ነው። ጫት አወዳይ ላይ ተገዝቶ በሐረር፣ በባቢሌ፣ በጅግጅጋ አልፎ ቶጎ ውጫሌ ድንበር እስኪደርስ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ነው። ቅጠሉ ከጠወለገ ገንዘቡ ጠወለገ። ጋሼ ካረፉ በኋላ ቤቱን እኔ ይዤው ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. አንድ ሹፌር መጣ። «ወንድሜ፣ ካራማራ ዳገት ላይ ይደክምብኛል፤ ትንሽ ክፈትልኝ» አለኝ። ፖምፓዋን ሳያት ማኅተም የላትም። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ነክቷታል። አውርጄ በቴስት ቤንች መለካት ነበረብኝ። ግን ሰውየው ቸኩሏል፤ ለማታ ጭነት መድረስ አለበት። ወንድ ልጁ ታሞበታል፣ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ዳዶውን አላልኩ፣ ብሎኗን ሩብ ዙር አዞርኩ፣ አጠበቅሁ። አስነሥቶ ሲረግጠው ሞተሩ እንደ ኮርማ አገሣ። ደስ አለኝ። ያ ደስታ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና ፈታው። የአራተኛው ሲሊንደር ፒስተን ነበር። ራሱ ላይ፣ ከጠርዙ ጠጋ ብሎ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። የቀዳዳው ዙሪያ እንደ ቀለጠ ጧፍ ወደ ታች ተንጠባጥቦ ቀርቷል፤ ፋሻው ከመቀመጫው ጋር ተጣብቋል። ካራማራ ላይ ሌሊት ሞተሩ ነክሶ ቆሟል፤ ጫቱ እዚያው ደርቋል። ሰው አልተጎዳም፤ ለዚህ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ሹፌሩ አልጮኸም። «ምን ላድርግ?» ብቻ አለኝ። የሞተሩን ማደሻ ግማሹን እኔ ከፈልኩ። ፒስተኑን ግን እንዲተውልኝ ለመንኩት።

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ጥንካሬውን ማጣት የሚጀምረው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው እሳት ደግሞ ከሁለት ሺህ ዲግሪ ያልፋል። ፒስተኑ የሚተርፈው እሳቱ አጭር ስለሆነ፣ ሙቀቱንም በፋሻው በኩል ለግድግዳው፣ ከሥር ለዘይቱ እያስረከበ ስለሚኖር ነው። ናፍጣው ከአየሩ ሲበልጥ ግን ቶሎ ነዶ አያልቅም። ፒስተኑ ወደ ታች እየወረደም መንደዱን ይቀጥላል፤ ጭሱ ሲወጣም ገና እሳት ነው። የጭሱ ሙቀት ከ700 ዲግሪ በላይ ሆኖ ረዥም ዳገት ላይ ከቆየ ፒስተን፣ ባልቦላ፣ ቴስታታ፣ ቱርቦ ካለው ቱርቦው ተራ በተራ ይሄዳሉ። ያልነደደው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፤ ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ብሮንዚን በቀጠነ ዘይት ላይ ይሠራል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይታይም። ሹፌሩ ለሳምንታት «እጅህ ይባረክ» እያለ ይነዳል።

ስለዚህ ጉልበት አትጨምሩ አልልም። አየሩ ይቅደም ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሆነውን ለልጆቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ከሚንስ ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና ለእሽቅድምድም አሰለፈ። ፍሬድ አጋባሺያን በማጣሪያው በሰዓት በአማካይ 222 ኪሎ ሜትር ነድቶ ከሌሎቹ ሁሉ ፊት ተሰለፈ። በናፍጣ እንዲህ ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም። ውድድሩ ላይ ግን ከ71 ዙር በኋላ ወጣ። ያስወጣው ናፍጣው አይደለም። የቱርቦው የአየር መግቢያ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ከጎማዎች የሚቦነው የላስቲክ ብናኝ ገብቶ አፈነው። ያን ያህል ጉልበት የሠሩ መሐንዲሶች የተሸነፉት አየር በሚገባበት አፍ ነው። እኔ ፊልትሮ ሳላይ ፖምፓ አልነካም የምለው ለዚህ ነው።

ሃርድቶፕ ላንድ ክሩዘር ላይ ያለውን ዋን ኤችዜድ ሞተር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ የተሠራ ሞተር ነው። አውስትራሊያኖች ቱርቦ እየጨመሩበት ይኖራሉ፤ እኔም ገጥሜያለሁ። አዲስ አበባ ላይ 0.3 ባር ብትጨምርበት ያው ተራራው የወሰደበትን አየር መለስክለት እንጂ ብዙም አላስጨነቅኸውም። ያንኑ 0.3 ባር ይዞ ወደ አዋሽ ሰባት ሲወርድ ግን ከውጭ ያለው አየር ራሱ ወፍሯል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከታሰበለት በላይ ይጨመቃል። የዚህ ሞተር መጭመቂያ ልክ ደግሞ ከ22 ለ1 በላይ ነው፤ ለቱርቦ ተብሎ የተመጠነ አይደለም። ስለዚህ ቱርቦ የሚያስገጥመኝን ሰው ጋሼን ተከትዬ የምጠይቀው ሁለት ሆኗል፦ ትልቁ ዳገትህ የት ነው፣ ዝቅተኛው ቆላህስ የት ነው? ከዳገት በኋላም ቁልፉን ከማጥፋቱ በፊት ሞተሩን ጥቂት እንዲያስጠብቀው አጥብቄ እነግረዋለሁ፤ ቱርቦው ገና እየቀላ ዘይቱ ሲቆምበት ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ከሰል ይሆናል።

አሁን ፖምፓዋ ራሷ ሄዳለች ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ በየመኪናው የገባው ኮመን ሬል ናፍጣውን መጀመሪያ እስከ 1,350 ባር፣ ኋላም ከዚያ በላይ ጨምቆ ያስቀምጠዋል፤ መቼ፣ ስንት እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። የምትዞር ብሎን የለችም። የሚሰበር እርሳስም የለም። ጉልበት የሚጨምሩት ልጆች በላፕቶፕ ይገባሉ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሳሉ። ጎበዞች ናቸው። ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን ራሱ ይለካል፤ ጋሼ በጭስ ያነቡት የነበረውን እሱ በቁጥር ያነባል። ልጆቹ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሽሩት ያንኑ ጥበቃ ነው፤ ጉልበቱ የተደበቀው እዚያ ነውና።

ባለፈው ጥቅምት አንዱ የእጁን ሥራ ሊያሳየኝ ፒካፕ ይዞ መጣ። የት እንደሞከረው ጠየቅሁት፤ ሞጆ ሜዳ ላይ አለኝ። አብሬው ገባሁና ወደ እንጦጦ ወጣን። ኪዳነ ምሕረት ሳንደርስ መስተዋቱን ተመልከት አልኩት። ጥቁር ነበር። ቆምን፤ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ሠራ፤ እኔም ዝም አልኩ። ደግመን ወጣን፤ ጠራ። ቤት ስንመለስ መደርደሪያው ላይ ያለውን ፒስተን አየውና አንሥቶ በመዳፉ መዘነው። ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ አዞረው።

«አባቴ፣ ይሄን ስንት ዙር ከፍተውት ነው?»

«ሩብ» አልኩት።

መልሶ አስቀመጠውና ላፕቶፑን እንደገና ከፈተ።